ቲልዳ ያልጣለቻት ሽቦ

ማርዋይን ውስጥ ቲልዳ ሄፍነርን የማያውቅ የለም፤ ፊቷን በደንብ አይቻለሁ የሚል ግን ብትፈልጉ አታገኙም። ስትሄድ መሬት መሬት እያየች ነው። ከቤቷ እስከ አሮጌው የቤዝቦል ሜዳ ባለው፣ የከሰል አመድ በለበሰው መንገድ ላይ፣ በበረዶውም በጭቃውም አንገቷን ደፍታ ትሄድና አጥሩ የነበረበት ቦታ ስትደርስ ቆም ብላ ትመለሳለች። በቅርብ የመጡት ሰዎች «ይቺ ሴትዮ ምን ጠፍቷት ነው?» ይላሉ። ምንም አልጠፋትም። ምነው ጠፍቷት በሆነ! የጠፋ ነገርማ ይገኛል።

ሜዳው ላይ ከተጫወቱ ስንት ዘመኑ። አጥሩ ለማገዶ ተነቅሎ አልቋል፤ የተመልካቹ መቀመጫ የዶሮ ቤት ሆኗል። እሷ ግን አሁንም ዱላ ኳስ ሲመታ ትሰማለች። «ጧ አለ፤ ሰማሽው?» ትላታለች ጎረቤቷን ሚስስ ዱጋንን። ሚስስ ዱጋንም አማትባ «ሰማሁት» ትላታለች። ምን ታድርግ፣ የጎረቤት ነገር!

ነገሩ የሚጀምረው ከባሏ ነው። አምብሮስ ሄፍነር እንደ ማርዋይን ወንድ ሁሉ በከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነው ያደገው። አባቱ ሳንባው በአቧራ ተሞልቶ፣ መተኛት አቅቶት ወንበር ላይ ተቀምጦ እያደረ፣ ጥቁር አክታ እየተፋ ሞተ። ወንድሙን ደግሞ የጉድጓዱ ጣሪያ ተደርምሶ በላው። አምብሮስን ከዚያ ጉድጓድ ያወጣው ጸሎትም አይደለም፣ ትምህርትም አይደለም፤ ዱላ ነው። ሠራተኞቹ ከሥራ ሲወጡ፣ አንዱ የወረወረውን ኳስ ሌላው በዱላ የሚመታበትን ቤዝቦል ሲጫወቱ፣ በሸለቆው ሊግ ያለው የማርዋይን ቡድን አሰልጣኝ አየውና ደመወዝ ቆርጦለት ወሰደው። «ምሰሶው» ነበር የሚሉት። ሌሎቹ መቺዎች ይወዛወዛሉ፣ ምራቃቸውን እንትፍ ይላሉ፣ ወርዋሪውን በእናቱ ይሰድባሉ። እሱ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ እንደ ተተከለ ግንድ ቀጥ ነው። ኳሷ ስትደርስ ብቻ ክንዱ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ኳሷን ፈልጋችሁ አምጡ።

በዚህ ጨዋታ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን የሳተ ሰው ጎበዝ ይባላል። ከአሥር አራት የመታማ ንጉሥ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ባያሳብድ ነበር የሚገርመው! መቺዎቹ ሁሉ የየራሳቸው አምልኮ ነበራቸው። አንዱ ኳስ መምታት እስኪያቆም ድረስ ካልሲውን አያጥብም፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ይቻለው። የአምብሮስ የልብ ጓደኛ ማላኪ ኬርን ባዶ በርሜል የጫነ ጋሪ መንገድ ላይ ካየ «ዛሬስ ጨረስናቸው!» እያለ ይጨፍራል። ዱላቸውን ከሾርባ በተረፈ የአሳማ እግር አጥንት ሲያሹ ያመሻሉ፤ እንጨቱን ያጠነክረዋል ብለው።

ከሁሉ በላይ ግን የፀጉር ሽቦ ነበረች። የዚያን ዘመን ሴቶች ፀጉራቸውን አናታቸው ላይ እንደ ድፎ ከምረው፣ ሁለት እግር ባላት ቀጭን ሽቦ ነበር የሚያስይዙት። ሽቦዋ ደግሞ መውደቅ ትወዳለች። ወደ ሜዳ የሚሄድ መቺ መንገድ ላይ የወደቀች ሽቦ ካገኘ፣ ያን ቀን ኳስ ይመታል። አለቀ። ይሄን ያልተቀበለ መቺ በሸለቆው ሊግ አልነበረም፤ «እኔ በዚህ አላምንም» የሚለውም ቢሆን ጎንበስ ብሎ ማንሳቱን አይተውም።

አምብሮስና ቲልዳ በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ የጸደዩ ጨዋታ እንደ ተጀመረ፣ ምሰሶው መምታት አቃተው። ዛሬ ሳተ፣ ነገ ሳተ፤ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አሰልጣኙ ሚስተር ግሮትዝ ምላሱ ምላጭ ነበር። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ሄፍነር፣ የምከፍልህ እንድትቆም አይደለም፤ ለመቆምማ አጥሩም ቆሟል» አለው። ቀጠለናም፣ «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዲህ ከሆንክ፣ ጉድጓድህን የደፈነው ሰው የለም። መመለስ ትችላለህ።»

አምብሮስ ይሄን ለሚስቱ አልነገራትም። ማላኪ ነው ሮጦ የነገራት፤ የማላኪ አፍ በር የለውም።

ቲልዳ ያን ማታ እራት አልቀመሰችም። የአማቷን አሟሟት በዓይኗ አይታዋለች፤ ሙሽራ ሆና የገባችበት ቤት ውስጥ የመጀመሪያ ሥራዋ የእሱን አክታ መድፋት ነበር። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ጉንጩ ቀይ የሆነው አምብሮስ አጠገቧ እንቅልፉን ሲለጥጥ፣ ከሱ ትንፋሽ ሥር የሽማግሌውን ሳል የሰማች ይመስላታል። «ይሄን ሰው ለጉድጓዱ አልሰጥም» አለች በሆዷ። «ምንም ቢሆን አልሰጥም።»

ጠዋት ፀጉሯን ስታስይዝ ሁልጊዜ እንደምታደርገው አንዷን ሽቦ በጥርሷ ፈልቀቅ አደረገች። ፀጉሯ ውስጥ ልትሰካት ስትል ግን እጇ ቆመ። ሻርፗን ደረበችና ዳቦ ልገዛ ነው ብላ ቀድማው ወጣች። የሜዳው አጥር አጠገብ፣ አመዱ ላይ ጣለቻት። ተመልሳ በመስኮት ብታይ፣ አምብሮስ ራሱን አቀርቅሮ እየሄደ ነው፤ ድንገት ቆመ፤ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ትከሻው የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ያን ቀን ሦስት ጊዜ መታ፤ አንዷ ኳስ አጥሩን አልፋ የሚስተር ፒክል የዱባ ማሳ ውስጥ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ቲልዳ ሥራ አገኘች። አንድ ቀን ከድልድዩ ጫፍ፣ አንድ ቀን ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ትጥላለች። እንዳያስነቃባት አንዳንዴ ግማሿን አመድ ታለብሳታለች፤ አንዳንዴ በጫማዋ ረገጥ ታደርጋታለች። ሲበዛ እንዳይሰለቸው እያለችም ቦታ ታለዋውጣለች። አምብሮስ ያገኛትን ሁሉ ባርኔጣው ጥብጣብ ውስጥ ይሰካና እያፏጨ ይሄዳል።

«ቲልዬ፣ ያንቺ ፀጉር ግን ስንት ሽቦ ነው የሚበላው?» አላት አንድ ቀን ቁርስ ላይ።

«ወፍራም ነዋ! ራሰ በራ ቤተሰብ ውስጥ አድገህ ምን ታውቃለህ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ቶሎ ብላ ግን ሳህኑን ማንሳት ጀመረች።

በበጋው አጋማሽ አምብሮስ የሊጉ ቀዳሚ መቺ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ወንዶቹ ጋዜጣ ሲሻሙ ይውላሉ። ሚስተር ግሮትዝ «እኔ እኮ ድሮም ብዬ ነበር» ማለት ጀመረ፤ ምን ብሎ እንደነበር የሚያስታውሰው ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር። አምብሮስን እግር በእግር የሚከተለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሩፈስ ታል የሚባል፣ የወንዝ ማዶው ቡድን መቺ። ዛሬ አምብሮስ ሲመራ ነገ ታል ይደርስበታል። ያኔ ነው ወሬው የመጣው፦ ከትልቁ ሊግ አንድ ቡድን ሰው ሊልክ ነው፤ ከሁለቱ አንደኛ የወጣውን ይወስዳል። ትልቁ ሊግ ማለት ደግሞ ለማርዋይን ሰው ከጉድጓዱ የመጨረሻ መውጫ ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ከሰል የሚያየው ምድጃ ውስጥ ብቻ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእነ አምብሮስ ጉድ ግን ከጠባም በኋላ ነው የመጣው። የመጨረሻው ጨዋታ በወሩ ማብቂያ፣ ከእነ ሩፈስ ታል ጋር፣ እዚያው ማርዋይን ሜዳ ላይ ተደረገ።

በዋዜማው አመሻሽ ባልና ሚስት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አምብሮስ ጉልበቱ ላይ ዱላውን አጋድሞ በአጥንት ያሸዋል።

«ባቡሩ ሙሉ ቀን ይፈጃል አሉ» አላት። «እዚያ ማንን ታውቂያለሽ?»

«አንተን አውቃለሁ።»

«እኔማ ግማሹን ዓመት መንገድ ላይ ነኝ። ቡድኑ ካገር አገር ነው የሚዞረው።»

ቲልዳ ዝም ብላ ብትቀር ምን ነበረበት! «እናቴንስ ማን ያያታል?» ብላ አፏ ላይ እንደመጣላት ተናገረች፤ ሳታስበው እንባዋ ዱብ አለ። ወዲያው በሻርፗ ጠርጋ፣ «ተወኝ፣ ሞኝነት ነው። ነገ ምታላቸው፤ እሱን ብቻ አስብ» አለችው። አምብሮስ ማሸቱን ተወና ትንሽ አያት።

ማለዳ ስትነሳ ሽቦዋን እንደ ልማዷ በጥርሷ ፈልቀቅ አደረገች። ከዚያ ግን አንድ ሐሳብ መጣባትና እዚያው መስታወቱ ፊት ተቀመጠች። ያ ትልቅ ከተማ ውስጥ ለዚህ ሰው በየጠዋቱ ሽቦ የሚጥልለት ማን ነው? ሆቴል ሲያድር፣ ባቡር ሲሳፈር፣ እሷ በሌለችበት አገር መሬት መሬት እያየ ሄዶ ምንም ቢያጣ፣ እንደዚያ ጸደይ ክንዱ ቢታሰር ምን ይውጠዋል? ወር ሳይሞላው ይመልሱታል፤ የሚመለሰው ደግሞ ወዴት እንደሆነ ይታወቃል። ዛሬ ያለ ሽቦ ይምታ። የመታው እጁ እንጂ ሽቦ እንዳልሆነ ዛሬ ይወቀው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስፈልገውም። ይሄ ነበር ሐሳቧ። ሽቦዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰካቻት።

በመስኮት አየችው። እየተራመደ፣ ዓይኑ መሬት ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ደረሰ። ምንም የለም። ድልድዩ ጋ ደረሰ። ቆመ። ተመልሶ እስከ ቤታቸው አጥር መጣ፤ እንደገና ያንኑ መንገድ ሄደ፤ እንደገና ተመለሰ። ቲልዳ በሩን ከፍታ ልትሮጥ ምንም አልቀራት። ያኔ ቀና ብሎ መስኮቱ ላይ አያት። አይዞህ ልትለው ፈገግ አለችለት። እሱም ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ፈገግ አለ፤ የዋህ፣ የተኛ ልጅ ፈገግታ። ከዚያ ወዲያ መሬት ሳያይ ሄደ። «ተመስገን፣ ልቡ ሞላ» አለች።

ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። ከትልቁ ሊግ የመጣው ሰውዬ፣ ባርኔጣው ክብ፣ ጺሙ የተከረከመ፣ ከፊት ተቀምጧል። አምብሮስ መጀመሪያ ሲወጣ ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው ዱላውን ያነሳው። ሁለተኛ ወጣ፤ በባዶ አየር ላይ ዱላ ወዘወዘ። ሦስተኛው ላይ ወርዋሪው ደክሞት አንዲት ቀርፋፋ ኳስ ለቀቀ፤ እንኳን ምሰሶው፣ አጥሩም በመታት። አምብሮስ ቆሞ አሳለፋት።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ!» ብሎ ማላኪ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ። «እንግዳ ናት እንዴ የምትሸኛት? ምታት እንጂ!»

«ንቀሉት! ምሰሶውን ንቀሉት!» አለ ከወንዝ ማዶ የመጣው ሕዝብ እየሳቀ።

ቲልዳ ሁለት እጇን ፀጉሯ ውስጥ ከታ ነበር። ያሉትን ሽቦዎች ሁሉ ነቅላ ሜዳው ላይ ብትበትናቸው በወደደች፤ ግን ጊዜው አልፏል፤ የምትሆነውን አጥታ ተቀመጠች። ሩፈስ ታል ያን ቀን ሲመታ ዋለ። ጨዋታው ሲያልቅ ክብ ባርኔጣው ሰውዬ ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ታል ሄደ፤ አምብሮስን ዞር ብሎም አላየው።

ወደ ቤት ሲሄዱ አምብሮስ በሰው ፊት እጇን ያዛት። የማርዋይን ወንድ በሰው ፊት የሚስቱን እጅ አይዝም። ያፏጭም ነበር። ሲያዝን የሚስቅ ሰው አለ፤ ቲልዳ እንደዚያ መሰላትና አንጀቷ ተቆረጠ። «እኔ ነኝ» ልትለው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

በዚያው የብርድ ወራት የሸለቆው ሊግ ገንዘብ አልቆበት ፈረሰ። ጸደይ ሲመጣ አምብሮስ ዱላውን ጣሪያ ሥር ሰቀለና ፋኖሱን አንስቶ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው፤ ምኑ ይወራል! እሱ ጠዋት በጨለማ ይወርዳል፣ ማታ ጥቁር ሆኖ ይመጣል፣ ጀርባውን ታጥብለታለች። ሲያወራ ደስተኛ ነው፤ ያ ነው የሚያስፈራት። የጉድጓዱ በር ሲዘጋ ድምፁ እስከ ወጥ ቤቷ ይደርሳል፤ ለእሷ ግን ዱላ ኳስ ሲመታ ነው የሚሰማት፤ የያዘችው ሳህን ከእጇ ያመልጣል። በሕልሟ አምብሮስ ያን መንገድ ጎንበስ ብሎ በእጁ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ቀና ሲል ፊቱ የአባቱ ነው። አንዴ ለቄሱ ተናዘዘች። ቄሱም «ሽቦ አለመጣል ኃጢአት አይደለም፣ ልጄ፤ መጣሉ ነበር ጥንቆላ» ብለው ስቀው ሰደዷት። ስንት ዓመት የተሸከመችውን ይዛው ተመለሰች።

ሳሉም እንደ ፈራችው መጣ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ከዚያ ደረጃ ሲወጣ፣ ከዚያ ሁልጊዜ። በመጨረሻ አምብሮስ እንደ አባቱ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ማላኪ ቢራ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ቲልዳ ምድጃው ላይ የጎመን ሾርባ ታማስላለች። ማላኪ እንደ ሁልጊዜው ስለ ድሮው ጨዋታ ሲያወራ ሲያወራ፣ እንደ ሁልጊዜው ያችኑ ጥያቄ አመጣት።

«ያን ቀን ግን ምን ነክቶህ ነው፣ አንተ? ልሞት ነው ሳልሰማው!»

«ቀድሜህ የምሞተው እኔ ነኝ፤ ልንገርህ በቃ» አለ አምብሮስ። «ሽቦ አላገኘሁም።»

«ይኸው! ይኸው! እኔ ምን አልኩ!»

የቲልዳ ማማሰያ ቆመ።

«እንዳንተ በርሜል የማመልክ መሰለህ እንዴ?» አምብሮስ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ እስኪያልፍለት ጠበቁት። «ሽቦዎቹ የማን እንደሆኑ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። እሷ በጥርሷ ነው የምትፈለቅቃቸው፤ አንዷ እግር ትጣመማለች። ማታ ማታ ሽቦ ወደምታኖርበት ቆርቆሮዋ እመልሳቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ‹ይሄ ነገር ለምን አያልቅም?› አላለችም፤ የኔ ሞኝ!»

«አወይ ጉድ!» አለ ማላኪ ጭኑን እየመታ።

«እና በየጠዋቱ በሽቦዋ ሂድና ምታ ትለኛለች፤ እሄዳለሁ፣ እመታለሁ። ለሷ ነበር የምመታው። ያን ቀን ግን ዝም አለችኝ። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ የለም። በዋዜማው ማታ ስለ እናቷ አንስታ እንባዋ መጥቶ ነበር። ገባኝ። ቅርልኝ ብላ በአፏ ለመናገር አልደፈረችም፤ ወግ ያላት ሴት ናት። ቀና ብዬ ባያት ፈገግ አለች። በቃ።»

«ሆነ ብለህ ነው የሳትካት? ያችን ቀርፋፋዋን?»

«ያችንማ የኔ እናትም ትመታት ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና!»

ማላኪ መሳቁን ተወ። አምብሮስ አንገቱን ወደ ምድጃው አዞረ፤ ፊቱ ከሲታ ነው፣ ዓይኑ ግን ያበራል።

«እንድቀርልሽ ነበር የፈለግሽው፤ አይደል ቲልዬ?»

ቲልዳ ጀርባዋን እንደሰጠች ቆመች። አይደለም ልትለው ነበር። አይደለም፣ እንድትወጣ ነበር የፈለግሁት፤ ከዚህ ከተረገመ ጉድጓድ ውጣልኝ ብዬ ነው! ይሄን ብትለው ግን ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሳንባ፣ ያ በየማታው የምታጥበው ጥቁር ጀርባ፣ ሁሉም ለከንቱ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። በሐሳቧ ወደዚያ ማለዳ ተመልሳ መስታወቱ ፊት ተቀመጠች። ሽቦዋ እጇ ላይ ናት። ፀጉሯ ውስጥ የመለሰቻት በእርግጥ ለእሱ ብላ ነበር? ያን ሁሉ ጥሩ ጥሩ ምክንያት የደረደረችው ከባቡሩና ከማታውቀው ከተማ ስለ ፈራች ቢሆንስ? እሱ ልቧን ከእሷ አስቀድሞ አንብቦት ቢሆንስ? መልሱን ፈለገች፤ አላገኘችውም። እስከ ዛሬም አታውቅም።

«አዎ» አለች። «እንድትቀርልኝ ፈልጌ ነበር።»

«አውቄዋለሁ እኮ!» አለ አምብሮስ። ያን ቀን ሾርባውን አንድ ሳህን ሙሉ ጨረሰ፤ እንደዚያ ከበላ ሰንብቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ ይሄንኑ አወራ። ለሚስስ ዱጋን አወራ፣ ለቄሱ አወራ፣ ወተት ለሚያመጣው ሰውዬ ሳይቀር አወራ፤ ትንፋሽ እያጠረው፣ እየኮራ፣ «ትልቁ ሊግ ደጄ መጥቶ፣ ሚስቴ ናት ያስቀረችኝ» ይላል። ቲልዳም ምድጃው ጋ ቆማ ራሷን እየነቀነቀች እሺታ ትሰጣለች። በቀብሩ ቀን ሴቶቹ እየከበቡ «ታድለሽ! ትልቁን ሊግ ላንቺ ሲል የተወ ባል ማን አለው?» አሏት። እሷም የእያንዳንዳቸውን እጅ እየጨበጠች «አዎ፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አለቻቸው።